አያቶች ዝም ሲሉ፦ የአዲስ አበባ ሕፃናትና ሁለቱ ቋንቋዎቻቸው

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ብዙ ቤቶች ወላጆች ለአያት መመሪያ መስጠት ጀምረዋል። «እማዬ፣ ባክሽ ‹ውሃ› አትበያት፣ ‹ዋተር› በያት። ትምህርት ቤት ስትገባ እንዳትቸገርብን።» አያት ልጇን ማስከፋት አትፈልግም፤ የልጅ ልጇንም ወደ ኋላ ማስቀረት አትፈልግም። የምታውቃቸውን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ትሰበስባለች፤ እነሱ ሲያልቁባት ዝም ትላለች። ልጅቷን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች፤ እንደ ድሮው ግን አታወራትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ ዝምታ ነው። እኔም አያት ነኝ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ወላጆቿ ሥራ ሲውሉ ከፊሉን ቀን ከእኔ ጋር፣ ከፊሉን በሕፃናት ማቆያ ታሳልፋለች፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አፏን እየፈታች ነው። ከአጠገቧ ሆኜ ስከታተላት፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውንም ሳነብ የደረስኩበት አቋም አንድ ነው። ሁለት ቋንቋ ሕፃን አይጎዳም። ሕፃን የሚጎዳው በሚገባ በሚችሉት ቋንቋ የሚያዋሩት ሰዎች ሲያንሱበት ነው።

ቡና ላይ ሁሌ የሚነሳው ግን ሌላ ፍርሃት ነው፦ «ሁለት ቋንቋ ከሰማች ግራ ትጋባለች፣ አፏም ይዘገያል» የሚለው። የልጅ ልጄ ጫማዋ ሲጠፋባት «እማማ፣ ሹዜን አምጪ» ትላለች። ሰው ይህን ሰምቶ ‹ተደበላለቀባት› ይላል። ንግግሯን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የተደበላለቀ ነገር የለም። «ሹዝ» ከካርቱንና ከማቆያው የመጣ ቃል ነው። «የእኔ» ለማለት የቃሉን መጨረሻ ወደ «ዜ» ለወጠችው፤ የምትፈልገው ያ ጫማ መሆኑን ለማመልከት «ን» ጨመረች፤ ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አስቀመጠች፤ የምታናግረው ሴት ስለሆንኩ «አምጪ» አለች እንጂ «አምጣ» አላለችም። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ አራት የአማርኛ ሕጎች ሠርተዋል፤ አራቱም ትክክል ናቸው። ባለቤቴን ሲሻት «ነይ» ትለዋለች፤ ይህ ስህተት ነው፤ ምክንያቱ ግን እንግሊዝኛው አይደለም። ቤቱ ሁሉ እሷን «ነይ» እያለ ስለሚጠራት ነው፤ አማርኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያደጉ ሴቶች ልጆችም ይሉት ነበር። ቃል የምትዋሰው በዚያች ደቂቃ ቀድሞ የመጣላት እሱ ስለሆነ ነው። እኛስ «ትራንስፖርት ጠፋ» ስንል አማርኛችን ጠፍቶብን ነው?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በፈተና ያነሱ ናቸው ብለው ነበር። ችግሩ የድሃ ስደተኛ ልጆችን ከባለጸጋ የአገሬው ልጆች ጋር ማወዳደራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤልዛቤት ፒል እና ዋላስ ላምበርት ሞንትሪያል ውስጥ የአሥር ዓመት ልጆችን በኑሮ ደረጃ አቀራርበው ሲያነጻጽሩ ሁለት ቋንቋ የሚችሉት እንኳን ሊያንሱ በልጠው ተገኙ። ‹ይበልጣሉ› የሚለው ከዚያ ወዲህ ብዙ አከራክሯል። ‹ይጎዳሉ› የሚለው ግን የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነሥቷል።

የሕፃን ጆሮ የሚሠራው እኛ ከምንገምተው በጣም ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቫንኩቨር ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ እንግሊዝኛና ታጋሎግ (የፊሊፒንስ ቋንቋ) ይናገሩ የነበሩ አራስ ሕፃናት ለሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ጆሮ እንደሚሰጡ፣ አንዱን ከሌላውም እንደሚለዩ አሳይቷል። አራስ ናቸው፤ ገና ዓይናቸውን በወጉ ያልገለጡ። ጃኔት ዌርከር እና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ደግሞ ለእኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን ከካናዳ ነባር ሕዝቦች የአንዱን ቋንቋ ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አሰሟቸው። ሁለቱም እንደ እኛ «ቀ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡ ናቸው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉት ለዩአቸው። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር የደረሱት በአብዛኛው መለየት ተሳናቸው፤ በቤታቸው የማይሰሙትን ድምፅ ጆሯቸው ትቶታል።

ይህን ሳነብ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»፣ «ጸ» ትዝ አሉኝ። የውጭ አገር ሰው ጎልማሳ ሆኖ አማርኛ ሲማር ስንት እንደሚታገልባቸው ሁላችንም አይተናል። የልጅ ልጄም ገና «ጠ»ን ወደ «ተ» ታቀርባለች፤ ምላሷ ቀስ እያለ ይደርሳል። ጆሮዋ ግን የደረሰው ገና በሕፃንነቷ አቅፎ የሚያወራት ሰው በነበራት ጊዜ ነው። መልስ የማይሰጥ የአምስት ወር ልጅ ጭን ላይ አስቀምጠው «እንዴት ነሽ፣ የኔ ዓለም፣ ጠግበሻል?» የሚሉ አያቶች ከንቱ ወሬ እያወሩ አልነበረም።

ታዲያ ስልኩስ? እሱም ቀኑን ሙሉ ያወራ የለ? ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ ፈትነዋል። ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ለአሥራ ሁለት ጊዜ ያህል የማንዳሪን ቻይንኛ ሰሙ። አንዱ ቡድን ከፊቱ ተቀምጣ ከምታጫውተው ሰው፣ ሌላው ያንኑ ሰው በቪዲዮ፣ ሌላው በድምፅ ብቻ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ከስክሪን የሰሙት ምንም እንዳልሰሙት ሆኑ። ሰው የልጁን ዓይን ያያል፣ ልጁ ወዳየበት ይዞራል፣ ሲያጉረመርም ይመልስለታል፤ ቪዲዮው ልጁ ተኝቶም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ እንደሚመረጥ ይላል። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ከካርቱን ቀለም፣ ቁጥርና የእንስሳ ስም እንደሚለቅም አልክድም፤ የእኔዋም ለቅማለች። ንግግር ግን አልለቀመችም። ተርባ፣ ተናዳ፣ ፈርታ፣ አኩርፋ የምትናገረው በአማርኛ ነው፤ እነዚህን ነገሮች ከሰው ጋር ስለኖረቻቸው።

ስለ ‹መዘግየት› አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል። ወላጅ ልጁን ሐኪም ዘንድ ይወስዳል፣ «ስንት ቃል ትናገራለች?» ሲባል የአማርኛውን ብቻ ወይም የእንግሊዝኛውን ብቻ ይቆጥራል፤ ያንሳል። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ማያሚ ውስጥ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚሰሙ ሕፃናትን ቃላት ከሁለቱም ቋንቋ ደምረው ሲቆጥሩ፣ ክምችታቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት እንደማያንስ አግኝተዋል። ስለዚህ ሲቆጠር ከሁለቱም ይቆጠር። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቶት በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት ልጅ ካለ «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው» ተብሎ መቀመጥ የለበትም። ጆሮው ይመርመር፤ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ሁለት ቋንቋ ሰበብ ሲሆን ዓመት ያልፋል፤ ያ ዓመት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ወላጆቹን ለመውቀስ አልተነሣሁም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያን ቁጥር የሰማ ወላጅ ሁሉ የራሱን ልጅ ፊት አይቷል። «ከአሁኑ ካልጀመረች» ማለቱ ከፍቅር የመጣ ነው። በየሰፈሩ ያሉት የግል ኬጂዎችም ይህን ያውቁታል፤ «ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ» የሚል ማስታወቂያ ከምንም በላይ ይስባል፤ በግቢያቸው አማርኛ መናገርን የሚከለክሉም አሉ። ሦስት ዓመት ሆኖት «ሽንቴ መጣ» ለማለት ቃል የሚቸግረው ልጅ ምን እየተማረ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ያስጠናው፣ ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቿ የሠሩት ጥናት ሊነበብ ይገባዋል። ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በስምንተኛ ክፍል ምዘና ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ አማካይ ውጤት አምጥተዋል። ልጅ ሒሳብንና ሳይንስን የሚረዳው አስቀድሞ ‹ምክንያቱም›፣ ‹ቢሆን ኖሮ›፣ ‹ከዚያ በፊት› የሚሉትን በደንብ ማሰብ በሚችልበት ቋንቋ ነው። እነዚህን በሦስት ዓመቱ የሚሰማው ከየት ነው? «እንዳትወድቂ ቀስ በዪ፤ ያን ዕለት ብትሰሚኝ ኖሮ ጉልበትሽ አይቆስልም ነበር» ከሚል ሰው ነው። አምስት የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ ዝም ያለች አያት ይህን ዓረፍተ ነገር ልትሰጥ አትችልም።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በጽኑ ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የአያት ቋንቋ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራን እንውሰድ። ከከተማዋ ነዋሪ 16.34 በመቶው ጉራጌ ነበር፤ ጉራግኛን አፍ መፍቻዬ ያለው 8.37 በመቶ ነው። ኦሮሞ 19.51 በመቶ፤ አፋን ኦሮሞ 10.72። ትግራዋይ 6.18 በመቶ፤ ትግርኛ 3.60። በአንጻሩ አማራ 47.05 በመቶ ሲሆን አማርኛ 70.99 በመቶ። ከእነዚህ ከሦስቱ ሕዝቦች ግማሽ ያህሉ ከአያቶቹ ቋንቋ ተሻግሯል ማለት ነው። ቤታቸው ገብቶ የከለከላቸው አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ገበያው፣ ሰፈሩ አማርኛ ስለነበር ልጁ በአማርኛ መለሰ፤ እናትም ቀስ በቀስ በአማርኛ ማናገር ጀመረች። ያደግሁበት ግቢ ውስጥ ከጉራጌ የመጡ እናት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን በቋንቋቸው ይጠሯቸው ነበር፣ ልጆቹ ይሰሟቸዋል፣ መልሳቸው ግን አማርኛ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው መስማቱም ቀረባቸው። የሚያሳዝን ነገር ነው ብሎ ያሰበ በግቢው አልነበረም፤ እኛ የአማርኛው ባለቤቶች ስለነበርን ምንም አልጎደለብንም። አሁን ተራው ወደ እኛ ቤት ሲመጣ ነው ሕመሙ የገባን።

አማርኛ ሊጠፋ ነው እያልኩ አይደለም። በሚሊዮኖች የሚነገር፣ የሚጻፍ፣ የሚሰበክበት፣ የሚዘፈንበት ቋንቋ በኬጂ ምክንያት አይጠፋም። የሚጠፋው በአንዲት አያትና በአንዲት ልጅ መካከል ያለው ነው፤ ለእነዚያ ለሁለቱ ግን ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። አኒክ ደ ሃወር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጥናት በቤልጅየም ፍላንደርስ 1,899 ቤተሰቦችን መርምራ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንዱ ወላጅ ከአካባቢው ቋንቋ ሌላ የሚናገር ነው። በአንድ አራተኛው ቤተሰብ ልጆቹ ያንን ሌላ ቋንቋ አልተናገሩም። ወላጅ መናገሩ ብቻ ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል፤ ልጁ በቋንቋው እንዲመልስ የሚያስፈልገው ሰውና ሰዓት መኖር አለበት።

ሰውና ሰዓት ካልን ደግሞ ስለ ቤት ማውራት ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሡ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። በተሰጣቸው ቤት መጸዳጃና ውሃ ለየብቻ ማግኘታቸው ትንሽ ነገር አይደለም፤ በአሮጌው የቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ለልጅ አፍ ግን አሮጌው ግቢ የነበረው አቅም ሳይታሰብ ቀርቷል። ስድስት ሰባት ቤት በአንድ ግቢ፤ ጠዋት ልብስ የሚያጥቡ፣ ቡና የሚጠራሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚታረቁ ሰዎች። ልጅ በር ላይ ቁጭ ብሎ የአዋቂ ንግግር በሙሉ ይሰማ ነበር፤ ወሬው፣ ምርቃቱ፣ ቁጣው፣ ልመናው። «እርስዎ» የሚባለው ለማን እንደሆነ፣ «አንቺ» ለማን እንደሚበቃ የሚማረው እዚያ ነበር። አንድ ቤተሰብ በሩን በሚዘጋበት አፓርታማ ውስጥ ልጁ የሚሰማው የሞግዚቷንና የስልኩን ድምፅ ነው። አያት ዳርቻ ሄዳ፣ ልጅ መሀል ከተማ ሲቀር ደግሞ የሚገናኙት እሑድ ነው። የልጅ ልጄ ከአንዲት ጓደኛዬ የልጅ ልጅ ጋር ስትጫወት በንግግራቸው የማየው ልዩነት የትምህርት ቤት ልዩነት አይደለም፤ የዚያኛዋ አያት ሩቅ ናት።

ደግሞስ ሁለተኛው ቋንቋ የግድ እንግሊዝኛ መሆኑን ማን ወሰነ? ከሰላሌ፣ ከአምቦ፣ ከሰበታ የመጡ፣ አፋን ኦሮሞ አፋቸው ውስጥ ሞልቶ ያለ አያቶች በዚህች ከተማ ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ የተከበበች ናት፤ ቋንቋውም በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚለውን ፖሊሲ አጽድቋል። ልጁ ነገ መጽሐፍ ይዞ የሚታገልበትን ቋንቋ ዛሬ ሶፋው ላይ ከተቀመጠች ሰው በነጻ ማግኘት ይችላል፤ እሷ ግን የእንግሊዝኛ ካርቱን አብራው እያየች ነው። ይህ በጣም የሚቆጨኝ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ለሚለው፣ «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» የሚለው ዘዴ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ዡል ሮንዣ ልጁን ሉዊን በዚህ መንገድ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1913 መጽሐፍ አድርጎታል፤ እሱ ፈረንሳይኛ፣ እናት ጀርመንኛ። ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ለአያት ግን ይመቻል፤ ምንም አዲስ ነገር አይጠይቃትምና። እኔና ልጄ የተስማማነው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛውን እነሱና ማቆያው ይወጡት፤ እኔ የራሴን እሰጣለሁ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ብትመልስልኝ አልቆጣም፣ «በአማርኛ በይ» ብዬም አላስጨንቃትም፤ የተናገረችውን በአማርኛ መልሼ እልላትና ጨዋታዬን እቀጥላለሁ። ማታ ማታ «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ትላለች። እንቆቅልሽ ገና አይገባትም፤ «ምን አውቅልህ» ማለቱን ግን ትወደዋለች። አገራችን እነዚህን የጨዋታ ስልቶች ያበጀችው ልጁ ዝም ብሎ አድማጭ እንዳይሆን ነው፤ መልስ ካልሰጠ ተረቱ አይጀመርም። ቴሌቪዥናችንም ቢሆን በአባባ ተስፋዬ ዘመን ተረት ነጋሪ አያት ነበረው።

ከቤት ያለፈ ነገርም ይቻላል። ኒውዚላንድ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ቋንቋቸውን በደንብ የሚናገሩት አዛውንቶች ብቻ ሆነው እንደቀሩ ሲያዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሃንጋ ሬዎ የሚባሉ የሕፃናት ማቆያዎችን መክፈት ጀመሩ። ዋናዎቹ አስተማሪዎች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ፤ ሥራቸውም ከሕፃናቱ ጋር በማኦሪ መዋል ነው። ሃዋይም በ1984 ተከተለች። የእኛ ከተማ አሁን የሕፃናት ማቆያ እየከፈተች ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም በየሰፈሩም። በእነዚህ ማቆያዎች ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራግኛ እያወሩ ከልጆች ጋር የሚቀመጡ፣ ለድካማቸው የሚከፈላቸው አያቶች ቢኖሩ የሚጠይቀው ወንበር፣ የትራንስፖርት ገንዘብና የጤና ምርመራ ወረቀት ነው። ማቆያዎቹን የሚመሩ ሰዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ «እንግሊዝኛ የምትችል» ከሚለው መስፈርት አጠገብ «ተረት የምታውቅ» የሚል ቢጨምሩ፣ በዚህ ሰፈር ብቻ የሚያመለክቱ ብዙ ሴቶችን አውቃለሁ።